ስኳር፣ እንጀራና ጥጥ፦ ካርቦሃይድሬት ምንድን ነው?

ደሴ ላይ «ስኳር ካቆምኩ ቆየሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሻዩን ያለ ስኳር ያዝዛል፤ ከሻዩ ጋር ግን ሁለት ዳቦ ይበላል። ምሳ ሲቀርብ እንጀራ በእንጀራ ላይ ይደረባል፤ «ጤፍ ምን ስኳር አለው?» ይባላል። በሌላ በኩል «ካርቦሃይድሬት ያወፍራል» ሲባል ሰምቶ ምስሩንም ባቄላውንም ከለስላሳ መጠጥ እኩል የፈራ አለ። የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ይህ ጉዳይ በየቀኑ ማዕድ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ከሥሩ ብንረዳው ጥሩ ነው።

ለዚህ ኮምቦልቻን ማሰብ ይጠቅማል። ከተማዋ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካም የቢራ ፋብሪካም አላት። አንዱ ጥጥ ይፈትላል፤ ሌላው የገብስ ብቅል ያፈላል። ጥጡም ገብሱም በአብዛኛው ካርቦሃይድሬት ናቸው። ሁለቱም የተሠሩት ግሉኮስ ከሚባል አንድ ዓይነት ቅንጣት ነው። አንዱን ለብሰነው ዓመታት ይቆያል። ሌላው ተበልቶ በሰዓታት ውስጥ ደም ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣው ቅንጣቶቹ የተያያዙበት መንገድ ነው።

ካርቦሃይድሬት ከምን ይሠራል?

ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን። ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ውስጥ ባላቸው ልክ፣ ሁለት ለአንድ ሆነው ይገኛሉ። ይህን ወጥ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ስኳር ብረት ድስት ላይ ሲሞቅ መጀመሪያ ይቀልጣል፤ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፤ ቀጥሎ ይጨሳል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቁርና ተሰባሪ ነገር ነው። ሃይድሮጅኑና ኦክስጅኑ በአብዛኛው በእንፋሎት መልክ ሄደው ካርቦኑ ቀርቷል ማለት ነው። ምጣድ ላይ ያረረ እንጀራ የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያዘጋጁልን ተክሎች ናቸው። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከመሬት ውሃ ይወስዳሉ፤ በፀሐይ ጉልበት አጣምረው ስኳር ይሠራሉ። ቦርከና ወንዝ ዳር የቆመ ማሽላ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህን ነው። ማሽላውን ስንበላ የምናገኘው ጉልበት እሱ ያጠራቀመው የፀሐይ ጉልበት ነው።

የሁሉም መነሻ የሆነው ግሉኮስ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አለው። ፍሩክቶስና ጋላክቶስ የሚባሉት ስኳሮችም ቁጥራቸው ልክ እንደዚሁ ነው፤ አቀማመጣቸው ግን ይለያል። አቀማመጥ ብቻ ጣዕም ይለውጣል፦ ፍሩክቶስ ከግሉኮስ በጣም ይጣፍጣል። የእነዚህን ስኳሮች አቀማመጥ አንድ በአንድ የለየው ጀርመናዊው ኬሚስት ኤሚል ፊሸር ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ የስኳር ምርምሩ አንዱ ምክንያት ነበር።

በስንት ይከፈላል?

የመቁጠሪያ ፍሬዎችን አስቡ። አንድ ፍሬ ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል፤ ሁለት ሆነው ሊታሰሩ ይችላሉ፤ መቶና ሺህ ሆነው በክር ሊሰኩም ይችላሉ። ካርቦሃይድሬት የሚመደበው በዚሁ ነው፤ በፍሬዎቹ ብዛት።

ነጠላዎቹ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስና ጋላክቶስ ናቸው። በትምህርት ቤት ሞኖሳካራይድ ተብለው የተማርናቸው ናቸው። ሰውነት ካርቦሃይድሬትን ወደ ደም የሚያስገባው በነጠላ ብቻ ነው። ምንም ዓይነት ካርቦሃይድሬት ይሁን፣ ነጠላ ካልሆነ የአንጀትን ግድግዳ በወጉ አያልፍም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ።

ጥንዶቹ ዳይሳካራይድ ይባላሉ። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር ሱክሮስ ነው፦ አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ። የወተቱ ላክቶስ ነው፦ አንድ ግሉኮስና አንድ ጋላክቶስ። የብቅሉ ደግሞ ማልቶስ ይባላል፤ ሁለት ግሉኮስ ነው። ሁለት ፍሬ በተያያዘ ቁጥር አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል። ለመለያየት ደግሞ አንድ የውሃ ሞለኪውል መመለስ ያስፈልጋል። የካርቦሃይድሬት መፈጨት ማለት ይኸው ነው፤ በየማያያዣው ላይ ውሃ እያስገቡ መፍታት።

ከሦስት እስከ አሥር የሚሆኑ ፍሬዎች ያሏቸው አጫጭሮችም አሉ። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ውስጥ ይገኛሉ። እነሱን የሚፈታ ኢንዛይም (ምግብን የሚፈታ የሰውነት ፕሮቲን) የለንም። ስለዚህ ሳይነኩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይበሏቸዋል፤ ጋዝ ይወጣል። ባቄላ ሆድ የሚነፋው ለዚህ ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት የሚረዳውም የተወሰነው ክፍል ከውሃው ጋር ስለሚሄድ ነው።

ረጃጅሞቹ ፖሊሳካራይድ ናቸው። እህል ውስጥ ያለው ስታርች፣ ሰውነታችን የሚያጠራቅመው ግላይኮጅን፣ ጥጥና እንጨት ውስጥ ያለው ሴሉሎስ እዚህ ይመደባሉ። ጨርሶ አይጣፍጡም። ምላስ የሚያውቀው ነጠላውንና ጥንዱን ነው፤ ረጅሙን ክር አያውቀውም። «ጤፍ ስኳር የለውም» የሚያሰኘን ይህ ነው።

ማር ከየትኛው ይመደባል?

ማር በአብዛኛው ነጠላ ፍሩክቶስና ነጠላ ግሉኮስ ነው። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ወለላ ውስጥ ሱክሮስ አለ። እሷ በራሷ ኢንዛይም ለሁለት ትፈታዋለች። «ማር ተፈጥሯዊ ነው፤ ለስኳር በሽታ አይከፋም» የሚለው አባባል በጣም ያሳስበኛል። ግሉኮሱ ምንም መፈጨት ሳያስፈልገው በቀጥታ ይገባልና።

ስለ ማር ሌላም የሚጎዳ ግምት አለ። ማር ሲረጋና አሸዋ አሸዋ ሲል «ስኳር ተቀላቅሎበታል» ተብሎ ሻጩ ይወቀሳል። ንጹሕ ማርም ይረጋል። ግሉኮሱ በውሃ ውስጥ መሟሟት ስለሚያቅተው ለብቻው ፍሬ ይሠራል። በቀዝቃዛ ቦታ ይህ ይፈጥናል፤ ደሴ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠ ማር ኮምቦልቻ ካለው ቀድሞ ቢረጋ አይገርምም። መርጋቱ ብቻውን ማሩ ተበረዘ ለማለት አያበቃም።

ስታርችና ጥጥ ሁለቱም ግሉኮስ ከሆኑ ለምን ጥጥ አንበላም?

የነገሩ እምብርት እዚህ ነው።

ግሉኮስ ስድስት ማዕዘን ያለው ቀለበት ነው። ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዝበት ጫፍ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ሊዞር ይችላል። ወደ ታች ሲሆን አልፋ፣ ወደ ላይ ሲሆን ቤታ ይባላል። ስታርች በአልፋ የተያያዘ ነው። ሴሉሎስ በቤታ። ሴሉሎስ ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ነው የሚገባው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህችው ናት።

ይህች ትንሽ መዞር ግን ሁሉን ትለውጣለች። የአልፋው ክር ይጠመዘዛል፤ እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ይጠቀለላል። ላላ ያለ ስለሆነ ውሃና ኢንዛይም ይደርሱበታል። የቤታው ክር ግን ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉ ክሮች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይተሳሰራሉ፤ ውሃ እንኳ አይለያያቸውም። ከዚህ ነው የጥጥ ጥንካሬ የሚመጣው። ጥጥን በ100 ግራም ብንመዝን ወደ 90 ግራም የሚጠጋው ሴሉሎስ ነው።

ምራቃችንና ቆሽታችን አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ያመነጫሉ። አሚሌዝ የሚፈታው አልፋን ነው። ቤታን አያውቀውም። የሰው ሰውነት የሴሉሎስን ቤታ የሚፈታ ኢንዛይም ጨርሶ አይሠራም። ላምና በግም ራሳቸው አይሠሩትም፤ ግን በመጀመሪያው የሆድ ክፍላቸው ውስጥ የሚሠሩላቸው ረቂቅ ሕዋሳት አሉ። እኛ ገለባ በልተን አንጠግብም፤ ላሚቱ ትጠግባለች፤ ከዚያ ወተት ትሰጠናለች።

ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የሽመና ሥራ ነው። በብዙ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ድሩ ሲወጠር እንዳይበጠስ በስታርች ይቀባል። ጨርቁ ተሸምኖ ሲያልቅ ስታርቹ መውጣት አለበት። ታዲያ ጨርቁ አሚሌዝ ባለበት ውሃ ውስጥ ይነከራል። አሚሌዙ ስታርቹን ቆራርጦ ያሟሟዋል፤ ጥጡን ግን አንዲት ክር አይነካም። ሁለቱም ግሉኮስ ናቸው፤ አንድ ላይ ተጣብቀዋል፤ ኢንዛይሙ ግን ይለያቸዋል።

ወደ ቢራ ፋብሪካው ስንመጣ እዚያም ያው አሚሌዝ ነው ያለው። ገብስ ረጥቦ ሲበቅል ውስጡ አሚሌዝ ይፈጠራል። ቡቃያው ያከማቸውን ስታርች ፈትቶ ለማደግ ነው የሚፈልገው። ሰው መሃል ላይ ያደርቀውና ብቅል ያደርገዋል። ብቅሉ ተፈጭቶ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ አካባቢ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ስታርቹ ማልቶስ ይሆናል፤ ውሃው ይጣፍጣል። እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጠዋል። እናቶቻችን ለጠላ ብቅል የሚያበቅሉትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያለ ብቅል እህሉ ስታርች እንደሆነ ይቀራል፤ እርሾ ደግሞ ስታርችን እንዳለ መብላት አይችልም።

ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሰልም ፓየን ሁለቱንም ነክቷል። በ1833 እ.ኤ.አ. ከዣን ፍራንስዋ ፔርሶ ጋር ሆኖ ከብቅል ውስጥ ስታርች የሚፈታውን ነገር ለይቶ አወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የተክል ግድግዳ የተሠራበትን ነገር ለይቶ ሴሉሎስ አለው።

ልጆች ቤት ውስጥ ሊሞክሩት የሚችሉት ነገር አለ። ከፋርማሲ የሚገዛውን ቁስል ላይ የሚደረግ አዮዲን በውሃ አቅጥነው ዳቦ ወይም የተላጠ ድንች ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉ። ቡናማው ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። አዮዲኑ በተጠቀለለው ስታርች መሃል ስለሚገባ ነው። ጥጥ ላይ ቢያንጠባጥቡ ቡናማ እንደሆነ ይቀራል፤ የሚገባበት ጥቅል የለማ። የተሞከረበትን ምግብ ግን እንዳይበሉት።

እንጀራ ሲጋገር ስታርቹ ምን ይሆናል?

አብሲት የሚጥል ሰው ሳያውቀው ጥሩ የኬሚስትሪ ሥራ ይሠራል። ሊጡ ቦክቶ ውሃው ከላይ ሲንሳፈፍ ይደፋል። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በውሃ ይቀጥናል፤ እሳት ላይ ይማሰላል። መጀመሪያ ውሃ የመሰለው ነገር ድንገት ይወፍራል፤ ማማሰያው ይከብዳል፤ መልኩም ያብረቀርቃል። በዚያች ቅጽበት የስታርቹ ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው አብጠዋል፤ ክሮቻቸው ተፈተው ተጠላልፈዋል። አብሲቱ በረድ ብሎ ወደ ሊጡ ሲመለስ ሊጡን ያያይዘዋል።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ስንዴ ግሉተን አለው፤ ሊጡ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አየር ይይዛል። ጤፍ ግሉተን የለውም። የተቀቀለው ስታርች ሊጡን አወፍሮ በከፊል ያንን ቦታ ይሸፍናል፤ እርሾው የሚያወጣውን ጋዝ ይይዛል። ዓይኑ የሚያምር እንጀራ ላይ አብሲቱ ድርሻ አለው። ከዚያም ምጣዱ ላይ የቀረው ስታርች በሙሉ ይበስላል። ጥሬ ስታርች ለሆድ ይከብዳል፤ የበሰለውን አሚሌዝ በቀላሉ ያገኘዋል።

በማግስቱ እንጀራው ይጠነክራል፤ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። «ውሃው ደርቆ ነው» እንላለን። ፌስታል ውስጥ ታስሮ ምንም ውሃ ሳይወጣ ቢያድርም ግን መጠንከሩ አይቀርም። ተፈተው የነበሩት የስታርች ክሮች ሲቀዘቅዙ እንደገና ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ሲሞቁ መልሰው ይላላሉ፤ ፍርፍር ላይ እንጀራው የሚለሰልሰው ከመረቁ በተጨማሪ በሙቀቱም ነው። እንደገና ከተሰለፈው ስታርች የተወሰነው ለአሚሌዝ ይከብደዋል፤ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። መጠኑ ግን ትንሽ ነው፤ «የትናንት እንጀራ ስኳር አይጨምርም» ለማለት አያደርስም።

ወተት ላይ ብዙ አልቆይም። የላም ወተት በ100 ግራም 5 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው። ብዙ ሰው ካደገ በኋላ ላክቶስን የሚፈታው ኢንዛይም ይቀንስበታል፤ ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚጮህበት ለዚህ ነው። እርጎ የሚስማማው ደግሞ ባክቴሪያዎቹ የላክቶሱን ከፊል ቀድመው ወደ አሲድ ስለለወጡት ነው።

ከተበላ በኋላ የት ይሄዳል?

ተራ ዳቦ ወይም የተቀቀለ ድንች አፍ ውስጥ ይዛችሁ ቶሎ ሳትውጡ አላምጡ። ትንሽ ቆይቶ ይጣፍጣል። ምራቅ ስታርቹን እየቆረጠ ወደ ማልቶስ መለወጥ ጀምሯል። ሥራው ትንሹ አንጀት ላይ ያልቃል፤ ሁሉም ነጠላ ሆኖ ወደ ደም ይገባል።

ደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ስንት ይመስላችኋል? 5 ሊትር ደም ያለው ጤነኛ ሰው ምግብ ሳይበላ ቢለካ፣ በደሙ ሁሉ ውስጥ ያለው 5 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። የሁለት እንጀራው ስታርች ከዚያም ይበልጣል። ይህ ሁሉ ወደዚያች ማንኪያ ላይ ሲጨመር ሰውነት በፍጥነት ቦታ መፈለግ አለበት።

ቦታ የሚያስይዘው ኢንሱሊን ነው። ቆሽት ያመነጨዋል። ግሉኮሱ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋስ እንዲገባ ያደርጋል፤ ጉበትም እንዲያከማች ያዝዛል። ጉበትና ጡንቻ ግሉኮሱን መልሰው በክር ሰክተው ግላይኮጅን ያደርጉታል። ጉበት 100 ግራም ያህል፣ ጡንቻዎች ተደምረው 400 ግራም ያህል ይይዛሉ። ከዚያ የተረፈው ወደ ስብ ይሄዳል። ፍሩክቶስ ደግሞ በአብዛኛው የሚያልፈው በጉበት ነው።

ጾም ላይ ያለ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ድንገት የማይወርደው በጉበቱ ክምችት ነው። ከሱሁር እስከ ኢፍጣር፣ ወይም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጉበት ግላይኮጅኑን እየፈታ ይከፍላል። የጡንቻው ክምችት ወደ ደም አይመለስም፤ ለጡንቻው ብቻ ነው። ኢፍጣር ላይ የሚቀመሰው ተምር በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል።

ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ሰውነት ትእዛዙን መስማት ሲያቆም ግሉኮሱ ደም ውስጥ ይቀራል። የስኳር በሽታ ይህ ነው። በባዶ ሆድ ሲለካ ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ጤነኛ ነው የሚባለው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ተደጋግሞ ከተገኘ በሽታው አለ ይባላል።

ታዲያ ጤፍ ስኳር አለው?

ነጠላና ጥንድ ስኳር በጣም ጥቂት ነው ያለው። ስታርች ግን ሞልቶታል፦ ከ100 ግራም ጤፍ 70 ግራም ገደማው ካርቦሃይድሬት ነው፤ አብዛኛው ስታርች። ስታርቹ መጨረሻው ግሉኮስ ነው። ስለዚህ ምላስ ላይ የሌለው ስኳር ደም ላይ ይታያል። ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ጥሩ ነው፤ ሁለት ዳቦ ሲጨመርበት ግን የተቀነሰው ተመልሶ ይገባል።

የጤፍ ጥሩነት ሌላ ጋ ነው። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ከነገለፈቱ ይፈጫል። ገለፈቱ ውስጥ አሰር አለ፤ አሰር የሚባለው እኛ የማንፈታው እንደ ሴሉሎስ ያለው ካርቦሃይድሬት ነው። ነጭ የፉርኖ ዱቄት ሲዘጋጅ ግን ፉርሽካው ተለይቶ ለከብት ይሄዳል። አሰር ጉልበት ብዙም ባይሰጥም ምግቡን ያዘገየዋል፤ ሆድ ድርቀትን ይከላከላል፤ ለትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግብ እንዲያገኝ ይመክራል። የተጨመረ ስኳርን፣ ማርንና የፍራፍሬ ጭማቂን ደርቦ ደግሞ ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም ማለት ነው።

ምስርና ባቄላውን የፈራው ሰው እዚህ ላይ ልቡ ይረፍ። እነሱም ስታርች አላቸው፤ ግን አሰርና ፕሮቲን ስላላቸው ስታርቹ ቀስ ብሎ ነው የሚፈታው። እንጀራውን ቀንሶ ሽሮውንና ምስሩን ከፍ ማድረግ፣ ጎመን መጨመር፣ ግሉኮሱ በአንዴ እንዳይጎርፍ ይረዳል።

እሽግ ምግብ ላይ የተጻፈውን እንዴት ልረዳ?

ብስኩት ወይም ዱቄት ስትገዙ ጀርባውን አዙሩት። «ካርቦሃይድሬት» የሚል መስመር አለ፤ ከሥሩ «ከዚህ ውስጥ ስኳር» የሚል ሌላ መስመር። በ100 ግራም ካርቦሃይድሬቱ 70፣ ስኳሩ 20 ቢል፣ ቀሪው 50 ግራም በአብዛኛው ስታርች ነው። የስኳር ሕመምተኛ ማየት ያለበት 70ውን ነው። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚል ጽሑፍ ፊት ለፊት ቢኖርም ይህ አይለወጥም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ከአውሮፓ በሚመጡት ላይ አሰሩ ለብቻው ይጻፋል፤ አሜሪካ በተሠሩት ላይ ግን ጠቅላላው ቁጥር ውስጥ ተደምሮ ስለሚገኝ አሰሩን መቀነስ ያስፈልጋል።